አራት ዝርያዎችን በኤክሴል አፎካክሮ ማን እንደሚተርፍ ማየት

ሕጉ ከታወቀና ዕጣ የሚባል ነገር ከሌለበት፣ አንድ ምግብ ከሚሻሙ ዝርያዎች የትኛው እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማስላት የሚቻል ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ላፕቶፔ ላይ ሠርቼ እስካየው ድረስ።

ባዶ ኤክሴል ክፈቱ። የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ተመራማሪዎቹ ቫኖ፣ ስፕሮትና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት የአራት ዝርያዎች ሞዴል የተወሰዱ ናቸው። የዕድገት ፍጥነታቸው በቅደም ተከተል 1፣ 0.72፣ 1.53 እና 1.27 ነው። ከዚያ አራቱ በእያንዳንዱ ዝርያ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና ጻፉ፦

በአንደኛው ላይ፦ 1፣ 1.09፣ 1.52፣ 0
በሁለተኛው ላይ፦ 0፣ 1፣ 0.44፣ 1.36
በሦስተኛው ላይ፦ 2.33፣ 0፣ 1፣ 0.47
በአራተኛው ላይ፦ 1.21፣ 0.51፣ 0.35፣ 1

ከሥራቸው የአራቱን መነሻ ብዛት በአራት ዓምድ አስቀምጡ፦ 0.30፣ 0.46፣ 0.13፣ 0.36።

ቀጣዩ ረድፍ እንዲህ ይሰላል። ለአንደኛው ዝርያ የአራቱን ብዛት በየጫናቸው አባዝታችሁ ደምሩ፦ 0.30 + 1.09×0.46 + 1.52×0.13 + 0×0.36 = 0.999። ይህን ከ1 ቀንሱ፤ 0.001 ይቀራል። በዕድገት ፍጥነቱ፣ በራሱ ብዛትና በ0.01 የጊዜ እርምጃ ሲባዛ 0.000003 ነው፤ ይህን ነባሩ ላይ ስትጨምሩ 0.300003 ይሆናል። ምንም ያልተነቃነቀ ይመስላል፣ ግን ልክ ነው። ቁጥሩን እንዳታጠጋጉት። የሌሎቹም አሠራር ያው ነው።

ቀመሩ ሲሳብ እንዳይንቀሳቀሱ የዕድገት ፍጥነቶቹንና የጫና ቁጥሮቹን ሴሎች በዶላር ምልክት እሰሩ። እኔ ረስቼው ቀመሩን ወደ ታች ስስበው ወደ ባዶ ሴሎች እየወረደ ሄዶ ዝርያዎቼ ያለ ልክ ማደግ ጀመሩ፤ አንድ ምሽት ሙሉ ስህተቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ አመሸሁ።

ቀመሩን 60,000 ረድፍ ድረስ ሳቡት፤ 600 የጊዜ አሃድ ማለት ነው። ሺቱን ኮፒ አድርጉና በሁለተኛው ላይ የአራተኛውን መነሻ ብቻ 0.3601 አድርጉት። የሁለቱን ሺት አንደኛ ዝርያ በአንድ ግራፍ ላይ አውጡ። መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የምታዩት። ታገሡ። በዚህ ሞዴል ትርምስ (ትንሽ የመነሻ ልዩነት እያደገ ትንበያን የሚያበላሽበት ሁኔታ) ውስጥ ልዩነት በአማካይ በየ34 አሃዱ እጥፍ ይሆናል፤ ከ0.0001 ተነስቶ 0.1 ለመድረስ አሥር ያህል እጥፍ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሺት ሌላውን አይመስልም።

ነገሩ የኤክሴል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከባልቲክ ባሕር የተወሰደ ፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) በላብራቶሪ ከስድስት ዓመት በላይ ተከታትለው በ2008 ያሳተሙ ተመራማሪዎች፣ ብዛቱን መተንበይ የሚቻለው ከ15 እስከ 30 ቀን ብቻ ሆኖ አግኝተውታል።

አሁን ሞትን እናስገባ። ከአራቱ በጣም ዝቅ የሚለውን ዝርያ ምረጡና በመጨረሻዎቹ 20,000 ረድፎች የደረሰበትን ዝቅተኛ ቁጥር ፈልጉ። ከእሱ ጥቂት ከፍ ያለ የሞት መስመር ወስኑና፣ ከመስመሩ በታች የወረደ ብዛት 0 እንዲሆን በሁለቱም ሺት ቀመሩ ላይ ቅድመ ሁኔታ ጨምሩ። እያንዳንዱ ዝርያ በራሱ ብዛት ስለሚባዛ አንዴ 0 የገባ አይመለስም፤ የቀሩት ሦስቱም አካሄዳቸውን ይቀይራሉ። መነሻውን 0.3602፣ 0.3603 እያላችሁ ደጋግሙና ዝርያው የሞተበትን ረድፍ በጎን መዝግቡ። አንድ ሙከራ ብቻ አይታችሁ «ይሄ ይጠፋል» እንዳትሉ፤ ቢያንስ ሃያ መነሻ ሞክሩ።