አሮጌ ባለ ፓምፕ ጠመንጃ ገዝቶ አጋዘን ለማደን፦ መጀመሪያ ቻምበሩን እዩ

አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከታንክስጊቪንግ (ከምስጋና በዓል) ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ጎህ ሳይቀድ የገጠሩ መንገድ በመኪና መብራት ይሞላል። በጠመንጃ አጋዘን ማደን የሚጀመረው ያን ቀን ነው። እስከ 2018 ድረስ የሚከፈተው ሰኞ ነበር፤ ዛሬም ያን ሰኞ የሚዘጉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የሽማግሌዎቹን እጅ ካያችሁ አንድ ጠመንጃ ተደጋግሞ ያጋጥማችኋል፦ ሬሚንግተን 760።

ምክንያት አለው። በዚህ ስቴት ራሱ እያጎረሰ በሚተኩስ ጠመንጃ አጋዘን ማደን ክልክል ነው። ስለዚህ ሁለተኛዋን ጥይት ቶሎ ማጉረስ የፈለገ ሰው ፓምፕ ያዘ። ግራ እጃችሁ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት ይይዛል። ወደ ኋላ ስትስቡት ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ወደ ፊት ስትገፉት አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ዓይናችሁ ከኢላማው አይነሳም። የአያቴ ምንሽር ግን በየጥይቱ ቀኝ እጅን ከምላጩ ላይ ያስነሳ ነበር።

760 ከ1952 እስከ 1981 ኒውዮርክ ስቴት፣ ኢሊየን ከተማ ውስጥ ተሠራ። አንድ ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። ስለዚህ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ደህና አይደለም። የመጀመሪያዬን ስገዛ ያላወቅሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

1. ወረቀቱን ጨርሱ

ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁና ሌላ የሕግ እገዳ ከሌለባችሁ መግዛት ይቻላል። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም። የአደን ፈቃድ ላለው ሰው ልዩ ሁኔታ አለ፤ ቢሆንም ጠበቃ ሳያማክር አንድም ጠመንጃ አይንካ። የስደት ወረቀትን የሚያበላሽ ስህተት ነው።

ፈቃድ ካለው ሱቅ ግዙ። እዚያ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ማንነታችሁ ይጣራል። ቅጹ ላይ የተሳሳተ ነገር መሙላት ወንጀል ስለሆነ ያልገባችሁን ጥያቄ ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድን ሰው የአዳኞች ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው። አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከየትኛውም ሱቅ የበለጠ የተማርኩት እዚያ ነው።

2. የጥይቱን ዓይነት ምረጡ

ሰርቲ-ኦት-ሲክስ (.30-06) የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ግዙ። ጥይቱ ትንሿ የገጠር ሱቅ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። ሦስት መቶ ሳቬጅ የሚባለውን ጥይት የሚተኩሱት የድሮዎቹ 760ዎች ያምራሉ፤ ጥይት ፍለጋ መንከራተት ግን አለ። አጭሩ ካርባይን በርሜሉ 18.5 ኢንች ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ይመቻል፣ ጆሮ ግን ያደነቁራል። እኔ ባለ 22 ኢንቹን እመርጣለሁ።

ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። በርሜሉ በግራ በኩል፣ ሥሩ አካባቢ፣ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ተመትተውበታል። የመጀመሪያው ፊደል ወሩን ይነግራል። ብላክፓውደር የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉና መጨረሻው ላይ ኤክስ ጨምሩበት፤ 12 ፊደል ይሆናል፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ቀጥሎ ያለው ዓመቱ ነው። የእኔ ዲ እና አር ነው፦ ሴፕቴምበር 1968።

አራት ጥይት የሚይዘው ካዝና የፋብሪካው መሆኑን አረጋግጡ። ርካሽ ምትክ ካዝና ጥይት ያጣምማል። ከበርሜሉ ሥር ያለው እንጨት ቢንቀጫቀጭ ደግሞ አትደንግጡ፤ አሠራሩ ነው። አንዳንዱ ድምፁን ለማጥፋት ፕላስተር ይጠቀልልበታል። ይህን አታድርጉ።

3. ቻምበሩን መርምሩ

ጽሑፉን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ቻምበር ማለት ጥይቱ ሲጎርስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋለኛ ጎድጓዳ ነው። ስትተኩሱ ቀለሁ ተለጥጦ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ወዲያው መልሶ ይኮማተርና ይላቀቃል። ግድግዳው ዝገት በልቶት ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ግን የቀለሁ ናስ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ምንሽርን በመሰለ ጠመንጃ እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ቀለሁን ፈልቅቆ ያላቅቀዋል። ፓምፕ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ያለው የክንዳችሁ ጉልበት ነው።

የመጀመሪያው ጠመንጃዬ ከውጭ ሲታይ መስተዋት ነበር። እንጨቱ ያበራል፣ ብረቱ ሰማያዊ ነው። የሸጠልኝ ሰው ‘ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው’ አለኝ። እኔ ይህን እንደ ምርቃት ሰማሁት። ዘይት ያልነካው ጠመንጃ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚዝግ ማን ይንገረኝ? የውስጡን ሳላይ ብሩን ቆጠርኩ።

በመክፈቻው ጠዋት 60 እርምጃ ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ቆመልኝ። ተኮስኩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ነበርና ጥይቱ ከትከሻው ወደ ኋላ ሸሸ። አጋዘኑ ተንበረከከ፣ ተነሳ። እንጨቱን ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ደግሜ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ቀለሁ ተጣብቋል። አጋዘኑ ቀስ እያለ፣ እያየሁት፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ጥሻው ውስጥ ገባ። እስኪጨልም የደም ዱካ ተከተልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳገኘው ኮዮቴዎች (ተኩላ መሰል የዱር ውሾች) ቀድመውኝ ነበር። እንስሳው ሌሊቱን ያሳለፈውን ስቃይ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ቀለሁን በኋላ በዘንግ ገፍተን አወጣነው። ጎረቤቴ ናቸው የረዱኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ 760 የያዙ ሰው ናቸው፣ አባባ ነው የምላቸው። ቀለሁን መብራት ሥር አዙረው አሳዩኝ። ወገቡ ላይ ዙሪያውን ትንንሽ ጭረቶችና እንደ ኩፍኝ ያበጡ ነጥቦች ነበሩ። እያንዳንዷ ነጥብ በቻምበሩ ግድግዳ ላይ ያለች ጉድጓድ ናት።

እናንተ ግን ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ካዝናውን አውጡ። ፓምፑን ወደ ኋላ ስባችሁ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ቀለህ በሚወጣበት መስኮት ትንሽ የእጅ ባትሪና የጥርስ ሐኪም መስተዋት አስገብታችሁ ቻምበሩን እዩ። የሚፈለገው ወጥ የሆነ ማብረቅረቅ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩን አስፈቅዳችሁ በነጭ ጨርቅና በማጽጃ ፈሳሽ ጥረጉት። ከለቀቀ ቆሻሻ ነው። ካልለቀቀ ዝገት የበላው ነው። ጨርቁ ክር ክር እያለ ግድግዳው ላይ ከቀረ ደግሞ መልሱን አገኛችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው መተኮስ ነው። ሻጩ ከፈቀደ አምስት ጥይት ተኩሱና ቀለሆቹን ሰብስቡ። ጎናቸው ለስላሳ ከሆነ፣ ፓምፑም በአንድ እጅ ሳይታገል ከመጣ፣ ግዙት። ‘ዘይት ብቻ ነው የጎደለው’ ለሚል ሰው ግን ጆሮ አትስጡ። ቀላል ዝገትን ጥሩ ጠመንጃ ጠጋኝ ሊያለሰልሰው ይችላል። ጠልቆ የገባ ጉድጓድ ግን የበርሜል ለውጥ ነው፤ የጠመንጃውን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የኢሊየን ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። መለዋወጫ የሚገኘው በአብዛኛው ከሌሎች አሮጌ ጠመንጃዎች ነው።

4. አጸዳዱ

ቻምበሮቹ የሚበላሹበት አንዱ ምክንያት አጸዳዱ ነው። የ760 አካል ከኋላ ድፍን ስለሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ከኋላ ማስገባት አይቻልም። ሰው ሁሉ ከአፈሙዙ ያስገባል፤ ቆሻሻው ተገፍቶ የሚጠራቀመው ቻምበሩ ውስጥ ነው። እኔ ዘንግ ትቼ መጎተቻ ገመድ ነው የምጠቀመው። ከቻምበሩ በኩል ታስገቡታላችሁ፣ በአፈሙዙ ትስቡታላችሁ። ለቻምበሩ ለብቻው ተጣጣፊ ዘንግ ያለው ብሩሽ ግዙ። ብዙ ብር አይደለም፤ በአሮጌ ፓምፕ ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የሚጠቅመው ይኼ ነው።

የምላጩን ክፍል በዓመት አንዴ ማውጣት በቂ ነው። ጠመንጃው ባዶ፣ ፓምፑ የተዘጋ፣ ሴፍቲው (ምላጩ እንዳይሳብ የሚከለክለው ቁልፍ) የተቆለፈ ይሁን። ሁለቱን ፒኖች ገፍታችሁ ታወጡታላችሁ። ከወጣ በኋላ ምላጩን አትሳቡ፤ መዶሻው ተፈናጥሮ ብረቱን ይሰብራል። ከዚያ በላይ አትፍቱ።

ከብርድ ስትገቡ ደግሞ ጠመንጃውን ወዲያው ከረጢት ውስጥ አትክተቱት። ላብ ያወጣል። ሙቀቱ እስኪስተካከል ተዉት፣ ወልውሉት፣ ቀጭን ዘይት ቀቡት።

5. ኢላማውን አስተካክሉ

ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ትገጥማላችሁ፤ ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙት። እዚህ አካባቢ ከሥሩ አጮልቆ በብረቱ ኢላማ ለማየት የሚያስችል ከፍ ያለ ማሰሪያ ይወዳሉ። እኔ አልወደውም። ጉንጭን ከሰደፉ ላይ ያስነሳል።

ስታነጣጥሩ የሚንቀሳቀሰውን እንጨት አሸዋ ከረጢት ላይ አታስደግፉት። ጫናው ጥይቱን ያስታል። ከካዝናው ፊት ያለውን ድፍን ብረት አስደግፉ። በ25 ያርድ ጀምሩና ወደ 100 ያርድ ሂዱ። እዚያ ከመሃሉ ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ ከመታ ይበቃችኋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጥይት ከገዛችሁ እንደገና ፈትሹ።

6. ክንዳችሁን አስተምሩት

ፓምፕ በለስላሳ እጅ አይሠራም። የደነገጠ ሰው እንጨቱን ግማሽ መንገድ ብቻ ይስበዋል፤ ያኔ ቀለሁ ሳይወጣ አዲሱ ጥይት ይመጣና ይጋጫሉ። ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት፣ እውነተኛ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ በየማታው ሃያ ጊዜ ሳቡ። ወደ ኋላ እስኪመታ፣ ወደ ፊት እስኪመታ። ሰደፉ ከትከሻ አይነሳ።

ጫካ ውስጥም እንዲሁ ነው። ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ ቀስ አድርጎ የዘጋው ሰው ቦልቱ (ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ሳይቆለፍለት ይቀራል፤ ምላጩን ሲስብ ጠመንጃው አይተኩስም። ከመኪናው ከወረዳችሁ በኋላ፣ ሰዓቱ ሲደርስ፣ ቀጭ አድርጋችሁ ዝጉት። አጋዘኑ ያን ድምፅ ይረሳዋል። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ግን ሕገወጥ ነው።

7. የአደኑ ጠዋት

ራስ፣ ደረትና ጀርባ ላይ በድምሩ 250 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ልበሱ። ማደን የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ያርድ ራቁ። የሚገደለው ወንድ አጋዘን ቀንዱ ስንት ቅርንጫፍ ሊኖረው እንደሚገባ የሚወስነውን የየአካባቢያችሁን ደንብ አንብቡ።

ነፋሱን ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሦስት እርምጃ ሂዱ፣ ሦስት ደቂቃ ቁሙ። አባባ የሚሄዱት እንደዚህ ነው። አንዳንዴ ከጎናቸው ሆኜ መንቀሳቀሳቸውን አላውቅም። ሴፍቲው የሚለቀቀው ጠመንጃው ትከሻ ላይ ሲደርስ ነው። የሴፍቲው ቀይ ቀለበት ከታየ ጠመንጃው ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ሁለተኛዋ ጥይት ቶሎ ትመጣለች ብላችሁ የመጀመሪያዋን አታባክኑ። ከተኮሳችሁ በኋላ ግን፣ የወደቀ ቢመስልም፣ ወዲያው አጉርሱና ጠብቁ።

8. ሥጋው

ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት መለያ ካርዱን ሙሉና እሰሩበት። ሆዱን ቶሎ አጽዱ፣ ቀዝቀዝ ይበል። በፔንሲልቬንያ አጋዘኖች ላይ አንጎልን የሚያጠቃ በሽታ ከ2012 ጀምሮ ይታያል። በሽታው ባለባቸው ቀጠናዎች ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ይዞ መውጣት በደንብ የተገደበ ነው። የዱር እንስሳት ኮሚሽኑ እዚያ ለታደነ አጋዘን ምርመራውን በነፃ ያደርጋል፤ አስመርምሩ።

ጥሬውን አትብሉ። የክትፎ ሥጋ አይደለም። ስብ ስለሌለው ለቋንጣ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ስስ አድርጋችሁ ዘልዝሉት፣ በበርበሬና በጨው እሹት፣ በደንብ በሞቀ ማድረቂያ አድርቁት። የመክፈቻው ቅዳሜ ሁሌም ማለት ይቻላል ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው። እኛ ቤት ዘልዝለን፣ አድርቀን፣ ጠቅልለን፣ ቀኑን ጽፈንበት ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጠዋለን። የሚፈታው በገና ጠዋት ነው።