የትንንሽ ሽጉጦች መንከስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የዒላማ ተኩስ አዳራሽ የጥገናው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ሌሊት ታክሲ የሚነዱና እስከ እኩለ ሌሊት ሱቅ የሚከፍቱ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ የሚያመጡልኝም በሸሚዝ ሥር ለመደበቅ የተሠሩ ትንንሽ ሽጉጦችን ሲሆን፣ አቤቱታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ነከሰብኝ»፤ መሃል ላይ ተቀርቅሮ አልተኩስ አለኝ ማለታቸው ነው። ካዝና አውጥቶ፣ በዓይንም በጣትም አረጋግጦ ሽጉጡን ባዶ ማድረግና ፈትቶ መጥረግ የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር የባለቤቱን ጥፋት የሚሸከምበት አቅምም ያንሳል። በ1988 የወጣው ግሎክ 19 የአፈሙዙ ርዝመት 102 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱ ወደ 670 ግራም ነው፤ 15 ጥይትም ይይዛል። በ2018 የወጣው ሲግ ሳወር ፒ365 ደግሞ ያንኑ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በ79 ሚሊ ሜትር አፈሙዝና በ500 ግራም ገደማ ክብደት ይተኩሳል፤ ካዝናው 10 ይይዛል። ከሁለቱም የምታንሰው፣ በ2008 የወጣችው ሩገር ኤልሲፒ ወደ 270 ግራም ብቻ ስትመዝን የምትተኩሰውም አነስ ያለውን «ሦስት ሰማንያ» ጥይት ነው። ሦስቱም ደህና ሽጉጦች ናቸው። ሆኖም ስላይዱ፣ ማለትም በሽጉጡ አናት ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት፣ ሲያጥርና ሲቀል፣ የርግጫውን ጉልበት ለመያዝ ስላይዱን የሚመልሰው ሞላ ጠንካራ መሆን ግድ ይለዋል፤ ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለስበት መንገድም ስለሚያጥር፣ በትልቁ ሽጉጥ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስንፍና በትንሹ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

ቀለሁ በመስኮቱ ላይ ቆሞ ሲቀር

ምልክቱ የማያሻማ ነው። አንዴ ወይም ሁለቴ ከተተኮሰ በኋላ ስላይዱ በግማሽ መንገድ ይቆማል፤ ባዶው ቀለህም በመውጫው መስኮት ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ተነክሶ ይታያል። ከሚመጡልኝ አቤቱታዎች አብዛኛው ይኸው ነው፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ ፋብሪካውን ይወቅሳል።

መንስኤው ግን በአብዛኛው የእጅ አንጓ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ስላይዱ ወደ ኋላ የሚሮጠው እጀታው ባለበት ጸንቶ ሲቆም ነው። አንጓ ከላላ እጀታው ራሱ ከስላይዱ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሞላውን ጉልበት ማሸነፍ የነበረበት ርግጫ በክንድ ላይ ይባክናል፤ ቀለሁም አስፈንጣሪውን በሚገባ ሳይመታ ይዘገይና የሚመለሰው ስላይድ ይነክሰዋል። በትንሽ ሽጉጥ ላይ ትንሿ ጣት የምታርፍበት እጀታ ስለማይተርፍ፣ አጨባበጡ ከመጀመሪያውም በሦስተኛ ጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አባት አንዲት በኪስ የምትገባ ሽጉጥ አምጥተው፣ በሃምሳ ጥይት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ እንደነከሰች ነገሩኝ። «ጋሼ፣ አያያዝዎን ልየው» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ በጠብመንጃ መካከል ነው ያደግኩት፤ ይልቅ ብረቱን እይ» ብለው ተቆጡኝ። ብረቱን አየሁ፤ ምንም አልነበረበትም። በራሳቸው ሽጉጥ፣ በራሳቸው ካዝናና ጥይት ሃምሳ ተኩሼ አንድም አልነከሰችም። ይህም አላሳመናቸውም። በመጨረሻ እሳቸው ሲተኩሱ በስልኬ በዝግታ ቀርጬ አሳየኋቸው፦ ጥይቱ ሲወጣ አንጓቸው እንደ በር ማጠፊያ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ስላይዱ በእርግጥ ይንቀሳቀሳል፣ ግን መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዩና «ጠብመንጃን ትከሻ ይይዘዋል፤ ይኼን ግን የሚይዝለት የለም» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም።

ስለዚህ ማንኛውም ሞላ ከመቀየሩ በፊት ይኸው ፈተና ይደረግ፤ ያው ሽጉጥ፣ ያው ካዝና፣ ያው ጥይት፣ ግን ሌላ እጅ። ችግሩ ከእጁ ጋር አብሮ ከሄደ ጥገናው የእጅ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ፣ ስላይዱን ሳይነካ፣ ወደ ላይ ይገፋ፤ የግራ እጅ መዳፍ በእጀታው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ይሙላ፤ ሁለቱም አንጓዎች ይጽኑ። ለትንሿ ጣት ማረፊያ የሚሰጥ፣ ከታች ረዘም ያለ የካዝና መክደኛ ፋብሪካው የሚሸጥ ከሆነ መግዛት ይጠቅማል። እንዲህም ሆኖ የማይስተካከልላቸው አሉ። ሌሊት የምትሠራ አንዲት እህት፣ ባሏ «ለሴት ትንሽ ይሻላል» ብሎ የገዛላት ሽጉጥ በየአምስት ጥይቱ ይነክስባት ነበር፤ ወደ ግሎክ 19 ከተዛወረች በኋላ ሁለት መቶ ጥይት ያለ እንከን ተኩሳለች። ትንሹን ሽጉጥ ለጀማሪ መምረጥ ሻጮቻችን የማይተዉት ስህተት ነው።

ችግሩ በሁሉም እጅ ላይ ከታየ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ጥይቱ ነው፤ በጣም ርካሹ ባለ 115 ግሬን (ግሬን የእርሳሱ ክብደት መለኪያ ነው) የልምምድ ጥይት አዲስና ጠንካራ ሞላን የማያሸንፍበት ጊዜ ስላለ በ124 ግሬን ይሞከር። ከዚያ ካዝናው ይመጣል። ካዝናዎቻችሁን በማይለቅ ቀለም ቁጥር ጻፉባቸው፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ «2 ቁጥር» ከሆነ ፍርዱ አለቀ ማለት ነው። በግማሽ ዋጋ በኢንተርኔት የሚሸጡ ስም የለሽ ካዝናዎችን በተመለከተ፣ ከንፈራቸው በእጅ የሚጣመም ቆርቆሮ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁና እባካችሁ አታምጡብኝ።

ስላይዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ሳይዘጋ ሲቀር

እዚህ ጥፋተኛው ኪስና ዘይት ናቸው። አንድ ታክሲ ነጂ ለስምንት ወር ያለ ማኅደር በጃኬት ኪሱ የያዘውን ሽጉጥ ፈትቼ ሳየው፣ የሶፍት ብናኝ ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ሆኖ ከቀለህ ሳቢው ጥፍር ሥር ተጠቅጥቆ ነበር፤ ከሥሩም የቆሎ ገለባ አወጣሁ። መፍትሔው በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ መጥረግና በስላይዱ ሐዲዶች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ብቻ ነው፤ ጸጉር እንደሚቀባ ሰው ማፍሰስ ብናኙን ይጠራል። ሲያቀባብሉም ስላይዱን በእጅ እየሸኙ መመለስ ይቅር፤ ወደ ኋላ ጥግ ድረስ ተስቦ ይለቀቅ። እነዚህ ሁሉ ካልረዱ ሞላው ደክሟል፤ በትንንሾቹ ላይ በየ2,500 ጥይቱ ገደማ እቀይራለሁ።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ሲከሽፍ

ሽጉጡን ወደ ዒላማው እንዳቀናችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለና። ከዚያ አውጥታችሁ ቂጡን እዩ፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የተወው ምልክት ስስ ከሆነ በመርፌው ቦይ ውስጥ ዘይት ገብቷል፣ ቦዩም ደረቅ መሆን አለበት። ምልክቱ ጥልቅ ከሆነ ጥይቱ ራሱ የተበላሸ ነው።

ድምፁ የታፈነ፣ ርግጫውም የሌለ ያህል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አትተኩሱ። አሁንም አትተኩሱ። እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚከተለው ጥይት አፈሙዙን ሊያፈነዳው ይችላል። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ አፈሙዙን ሳትመረምሩ ሌላ ጥይት አታጉርሱ።

በየቀኑ የሚቀባበለው አንዱ ጥይት

ይህ ምልክት የለውም፤ ለዚህም ነው የሚያስፈራው። ብዙ ሰው ማታ ሽጉጡን ያራግፍና ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሶ ያጎርሳል። እርሳሱ በእያንዳንዱ መቀባበል ከካዝናው ወደ አፈሙዙ የሚያስገባውን መወጣጫ ሲመታ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ይሰጥማል፤ ውስጡ ሲጠብም የባሩዱ ግፊት ከመጠን ያልፋል። አንድ ባለ ሱቅ ያመጣውን ጥይት ከሳጥኑ ከወጣ አዲስ ጋር ጎን ለጎን ባቆመው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል አጥሮ ነበር። ያጠረ ጥይት ይጣላል፤ ያላጠረውም በተራ ይቀያየር።

የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላ ስላይዱ ተከፍቶ ካልቀረ አውራ ጣታችሁ ማቆሚያው ላይ ተጭናለች፤ አንሷት። መኪና ውስጥ ካዝናው በራሱ ወርዶ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የወንበሩ ቀበቶ ማስለቀቂያውን ይጫነዋል፤ ማኅደሩ ወደ ፊት ይዛወር። ታክሲ ነጂዎቻችን እግረ መንገዳቸውን ይህንንም ይወቁ፦ የቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ ውስጥ አያገለግልም።

ስለ ማኅደር ካነሳን፣ ባለ ቅንጥብ የጨርቅ ማኅደር ለማንም አልመክርም። ጨርቁ ሲያረጅ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽጉጡ ሲመለስ ያ እጥፋት ምላጩ ውስጥ ገብቶ እንደ ጣት ይስበዋል፤ አፈሙዙም በዚያች ደቂቃ የሚያየው የገዛ ጭናችሁን ነው። ማኅደር ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣም የማይጨማደድ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ ሲመልሱም በዓይን እያዩ፣ በዝግታ። በኢንተርኔት የሚሸጠውን «ምላጭ ማለስለሻ» ገዝቶ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የገጠመ ሰው ሽጉጡን ሲያመጣልኝ፣ መጀመሪያ የማደርገው የፋብሪካውን ምላጭ መመለስ ነው፤ ለዚያ ሥራ ዋጋ እጥፍ አስከፍላለሁ።

የመርፌ ስብራትና የቀለህ ሳቢ ጥፍር መሰንጠቅ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ሽጉጡ ሳይፈታ ለፋብሪካው ይላክ።