የመርከብ ሥራ ውል ስንፈርም የምንሳሳታቸው ነገሮች

የቢሮ ሥራ ካልተስማማችሁ መልቀቂያ ጽፋችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ። መርከብ ላይ እንዲህ አይሆንም። አለቃው ቢያስቸግር፣ ምግቡ ቢበላሽ፣ ደመወዙ ቢዘገይ መርከቧ ወደብ እስክትደርስ መታገስ ግድ ነው። አንዳንዴ ወደብ ደርሳችሁም መውረድ አትችሉም። ስለዚህ የባሕረኛ ውል መነበብ ያለበት ነገር ሲበላሽ ማን ይከፍላል፣ ማን ወደ ቤት ይመልሰኛል በሚል ዓይን ነው። አብዛኛው ሰው ግን "በወር ስንት?" ብሎ ይጠይቅና ይፈርማል።

የወሩን ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ማየት

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይኼ ነው። ውሉ ላይ በደማቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የበርካታ ነገሮች ድምር ነው። መሠረታዊ ደመወዝ አለ፣ ቋሚ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያ አለ። ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ ትልቅ ቁጥር ይሆናል። ጥያቄው ከቁጥሩ ውስጥ ምን እንዳለበት ነው።

ምሳሌ ላስላ። አንዱ ኩባንያ በወር 1,500 ዶላር፣ የፈቃድ ክፍያው እዚያው ውስጥ ያለ፣ ለ9 ወር ይላችኋል። ሌላው 1,350 ዶላር ይላል፤ 4 ወር ባሕር ላይ፣ 2 ወር ቤት፣ ቤት ያላችሁበትም ጊዜ የሚከፈልበት። የመጀመሪያው ያጓጓል። ነገር ግን 9 ወር ሠርታችሁ ቀሪውን 3 ወር ያለ ክፍያ ቤት ብትቀመጡ የዓመቱ ገቢ 13,500 ዶላር ነው። ሁለተኛው 16,200 ይሆናል። በዚያ ላይ ባሕር ላይ የምታሳልፉት አንድ ወር ያንሳል።

ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙን ነጥላችሁ ጠይቁ። የትርፍ ሰዓቱ ስሌት የሚነሳው ከእሱ ነው። ከ"ቋሚ" የትርፍ ሰዓት ጀርባ ስንት ሰዓት እንዳለም ጠይቁ። በብዙ ውሎች 103 ሰዓት በወር ነው። ከዚያ በላይ ብትሠሩ ለብቻ ይከፈላል ወይስ ዝም? ለማነጻጸሪያ የሚሆን መነሻም አለ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በኩል በተደረሰ ስምምነት የአንድ ልምድ ያለው የደክ (የመርከብ ወለል) ባሕረኛ ዝቅተኛ መሠረታዊ ደመወዝ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወር 673 ዶላር ነበር። ይህ በሳምንት 48 ሰዓት ታስቦ፣ ትርፍ ሰዓትና ፈቃድ ሳይጨመርበት ነው። የቀረበላችሁ ጠቅላላ ድምር ራሱ ከዚህ እምብዛም የማይርቅ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

የሥራ ቅጥር መግዛት

"ቦታ አለ፣ ግን ለአገልግሎት ትንሽ ትከፍላለህ" የሚል ደላላ ሲመጣ ወሬውን እዚያው አቁሙት። የ2006 እ.ኤ.አ. የባሕር ሠራተኞች ስምምነት (ከነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው) ባሕረኛ ለመቀጠር ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ከኪሳችሁ ልትከፍሉ የምትችሉት የሕክምና ምስክር ወረቀት፣ የባሕረኛ መታወቂያ ደብተር፣ ፓስፖርትና መሰል የግል የጉዞ ሰነድ ነው። የቪዛ ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው። "የቪዛ ማስፈጸሚያ ላኩ" የሚል መልእክት ከመጣ፣ የመርከቧ ስምም ካልተነገራችሁ፣ በግልጽ ማጭበርበር ነው። ከጎረቤት ተበድሮ የከፈለ ሰው ውሉን መርምሮ እምቢ ለማለት አቅም አይኖረውም። ትልቁ ጉዳቱ ይኼ ይመስለኛል።

የቀጠራችሁን አለማወቅ

በውሉ ላይ ያለው የኤጀንሲው ማኅተም ነው። መርከቧ የሌላ፣ አስተዳዳሪው የሌላ፣ ባንዲራዋ (የተመዘገበችበት አገር) ደግሞ የፓናማ ወይም የላይቤሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ከዓለም የንግድ መርከቦች እጅግ ብዙዎቹ ባለቤታቸው የሌለበትን አገር ባንዲራ ያውለበልባሉ። ችግሩ ደመወዝ ሲቀር ማንን እንደምትጠይቁ አለማወቃችሁ ነው። ውሉ የመርከቡን ባለቤት ስምና አድራሻ መያዝ አለበት።

ቀጥሎ የመርከቧን የአይ.ኤም.ኦ. (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) መለያ ቁጥር ጠይቁ። ሰባት አኃዝ ነው፤ መርከቧ ስሟን ብትቀይር እንኳ አይቀየርም። በእሱ ኢክዋሲስ (Equasis) በሚባለው ነፃ የመረጃ ቋት ላይ ገብታችሁ የባለቤቷን ስም፣ ዕድሜዋን፣ በወደብ ፍተሻ ስንት ጊዜ እንደታገደች ታያላችሁ። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩን አልሰጥም የሚል ቀጣሪ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ኤም.ቪ. አማን የምትባለውን መርከብ ታሪክ የሰማ ይኖራል። በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ግብፅ፣ አዳቢያ ወደብ ላይ የደኅንነት ወረቀቶቿ ጊዜ አልፎባቸው ታገደች። ባለቤቶቹ ዕዳቸውን አልከፈሉም። ካፒቴኑ የብስ ላይ ሳለ ፍርድ ቤቱ ሶርያዊውን የመጀመሪያ መኮንን የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አደረገው። የትእዛዙ ትርጉም ወዲያው አልገባውም። ባልደረቦቹ ተራ በተራ ሲወርዱ እሱ ቀረ። መብራት በሌላት መርከብ ላይ ብቻውን ከርሞ፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግና ምግብ ለመግዛት ወደ ባሕር ዳርቻ ይዋኝ ነበር። አገሩ የገባው በሚያዝያ 2021 ነው። ያልገባችሁን ወረቀት ማንም ይስጣችሁ ማን፣ በተለይ ወደብ ላይ፣ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ አትፈርሙ።

ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስምምነቱ የታቀፉ መርከቦች ባሕረኛ ሜዳ ላይ ቢቀር የሚሸፍን ዋስትና መያዝ አለባቸው። የምስክር ወረቀቱም ሠራተኛ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ዋስትናው እስከ 4 ወር ያልተከፈለ ደመወዝና የመመለሻ ወጪ ይሸፍናል። አራት ወር ብቻ! ስለዚህ "ይከፍሉን ይሆናል" እያሉ ስምንት ወር መጠበቅ የራስን ገንዘብ መጣል ነው። ባለቤቱ ቢያንስ ለ2 ወር ደመወዝ ሳይከፍል ከባሕረኛው ጋር ያለውን ግንኙነት ከቆረጠ ሜዳ ላይ እንደቀራችሁ ይቆጠራል። ያኔ ለባንዲራው አገር፣ ለወደቡ ተቆጣጣሪ ወይም ለዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ማመልከት ይቻላል። ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የምትቀጠሩ ግን ልብ በሉ፤ ይህ ስምምነት እናንተን አይመለከትም፣ የራሱ ሌላ ስምምነት አለው።

"ሲደመር ሲቀነስ" የሚለውን ዘሎ ማለፍ

ውሉ "9 ወር፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 1" ይላል። የሚደምረውና የሚቀንሰው ማነው? ብዙ ጊዜ ኩባንያው ነው። ስለዚህ 10 ወር ብላችሁ አስቡ። የዓመት ፈቃድ ሳትወጡ ያለማቋረጥ መርከብ ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ከ12 ወር በታች መሆን አለበት። የማቋረጫ ማስጠንቀቂያውም ከ7 ቀን ሊያንስ አይገባም፤ ለሁለታችሁም ይሠራል። የመመለሻ ቲኬት ብሎ ከደመወዛችሁ በቅድሚያ የሚቆርጥ አንቀጽ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ የተከለከለ ነው።

ስለ ሰዓቱ ወረቀቱን ማመን

ሕጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ደግሞ 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። የቀኑ ዕረፍት ከሁለት ክፍል በላይ አይከፋፈልም፣ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ 6 ሰዓት መሆን አለበት። በወረቀት ሁሉም መርከብ ይህን ያሟላል። ችግሩ መዝገቡ ከእውነታው የሚለይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ውሉን ከማንበብ ይልቅ ሰው ጠይቁ። በዚያች መርከብ የሠራ ባሕረኛ ፈልጋችሁ ሁለት ነገር አጣሩ፦ ስንት ሰው ነበራችሁ? ወደብ ላይ ማን ይተኛል? አጭር ርቀት የምትመላለስ፣ በየሁለት ቀኑ ወደብ የምትገባ መርከብ ሩቅ ከምትጓዘው ይልቅ ታደክማለች። ጥቂት ሰው ካላት ደግሞ ጉድ ነው።

"ብታመምስ?" አለማለት

በስምምነቱ መሠረት የታመመ ወይም የተጎዳ ባሕረኛን ማሳከም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የብሔራዊ ሕጎች ይህን በጊዜ ሊገድቡት ይችላሉ፣ ግን ከ16 ሳምንት ባላነሰ። ውላችሁ ከዚህ ያነሰ ቢል ጠይቁ። በሌላ በኩል ቀድሞ የነበረ ሕመም በምርመራ ጊዜ መደበቅ ይህን ሁሉ መብት ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስለ አደገኛ ቀጠና የሚለውንም አንቀጽ ፈልጉ። ጋላክሲ ሊደር የተባለችው መርከብ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ላይ ስትያዝ 25 ሠራተኞቿ እስከ ጥር 2025 ታግተው ቆይተዋል። የስምምነቱ የ2018 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ በባሕር ወንበዴ ወይም በታጣቂ ዝርፊያ የታገተ ባሕረኛ ደመወዝ አይቋረጥም ይላል። ቀጠናው ውስጥ አልገባም የማለት መብትና ተጨማሪ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሠራተኛ ማኅበር የኅብረት ስምምነት ነው። ውላችሁ የትኛውን እንደሚጠቅስ እዩ።

በቃል የተባለን መቁጠር

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። "ከስድስት ወር በኋላ ዕድገት አለ"፣ "ኢንተርኔት ነፃ ነው"። ይጻፍ። ኢንተርኔቱ በወር ስንት ጊጋ ነው?

የባሰው ደግሞ መርከቧ ላይ ስትወጡ "የአሠራር ጉዳይ ነው" ተብሎ የሚቀርበው ሁለተኛ ውል ነው። ደመወዙ ዝቅ ብሏል፣ ሥራው ተቀይሯል። ሻንጣችሁን ይዛችሁ ደክሟችኋል፣ ከቤት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃችኋል፤ ሰዓቱም የተመረጠው ለዚህ ነው። ከመፈረም በፊት ውሉን የማንበብና ምክር የመጠየቅ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ የተፈረመበት አንድ ዋና ቅጂም የእናንተ ነው። የመጀመሪያውን ውል እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ከአገር ሳትወጡ ለቤተሰብ ላኩ። ከወደቡ ከራቃችሁ በኋላ ኔትወርኩ ይጠፋል።