ጥንታዊ ሽጉጥ ከነካርቶኑ እንዴት ይሰበሰባል?

አሜሪካ ውስጥ ጥንታዊ ሪቮልቨር (ጥይቱ የሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። እኔ ግን ከፋብሪካ የወጣበትን ካርቶን አስቀድሙ እላለሁ። ሽጉጡን ሁሉም አስቀምጦታል፤ ካርቶኑን ግን አብዛኛው ገዢ ያኔውኑ ጥሎታል። ካርቶኑ ብርቅ ሆነ፤ ማጭበርበሩም የበዛው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ፋብሪካና አንድ ሞዴል ምረጡ። ለጀማሪ በ1880 የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ 38 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው) ጥሩ ነው። በብዛት ስለተመረተ ዋጋው የኮልት ፋብሪካን ሽጉጥ ያህል ኪስ አይጎዳም። በፌዴራሉ ሕግ ጥንታዊ የሚባለው በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራው ነው። የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

ሽጉጡ እጃችሁ ሲገባ በቅድሚያ ጥይት አለመኖሩን እዩ።

አሁን ከባዱ ሥራ፦ ሽጉጡና ካርቶኑ ከፋብሪካ አብረው መውጣታቸውን ማጣራት። ካርቶኑን ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ከስሩ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ። የሽጉጡ እጀታ ግርጌ ከተመታው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ቢገጥምም አትቸኩሉ፤ እርሳስ ማንም እጅ ላይ አለ። የካርቶኑ ጫፍ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ኒኬል የተለበጠ ይላል? ሽጉጡ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ካርቶኑ የሌላ ነው።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና ወረቀቱ ላይ አልትራቫዮሌት ባትሪ አብሩበት። ወረቀት የሚያነጣው አብረቅራቂ ኬሚካል የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ፎርጅድ ነው። ቦግ አለማለቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አሮጌ ወረቀት ላይ የሚያትሙ አሉ። ስለዚህ የካርቶኑን ውስጥ እዩ። የሽጉጡ ከበሮ ለዓመታት ያረፈበት ቦታ ይሰረጉዳል፣ የዘይት እድፍም ይይዛል። ሽጉጡን ስታስገቡት እድፉ ላይ ልክ መቀመጥ አለበት።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ታሪክ ፋውንዴሽን በክፍያ የሚሰጠውን ደብዳቤም አትለፉ። ሽጉጡ መቼና ለማን እንደተላከ፣ የአፈሙዙን ርዝመትና ቀለሙን ከፋብሪካው መዝገብ ይነግራችኋል። ደብዳቤው ሦስት ከሩብ ኢንች ብሎ ካርቶኑ አራት ካለ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል አትግዙ።

የተቀደደ ጥግ በፕላስተር አታጣብቁ፤ ሙጫው ካርቶኑን ይበላዋል። ኒኬሉንም አታስለብጡ፣ ዋጋው ይወድቃል። ሽጉጡንና ካርቶኑን ለየብቻ አስቀምጡ። ካርቶኑ እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል፣ የብረቱ ዘይት ደግሞ ካርቶኑን ያበላሻል። ካርቶኑን አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፀሐይ የማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ አኑሩት።