«አዋራ ሁን» ምን ማለት ነው? የቆየ የፊልም ዘፈን ታሪክና ስም እንዴት ይመረመራል

በቡራዩ፣ ከአሸዋ ሜዳ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ አመሻሽ ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው የሚያንጎራጉሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። ከሚያንጎራጉሯቸው ዜማዎች አንዱን በወጣትነታቸው ካዩት «አዋራ» ከተባለ የህንድ ፊልም የቀሰሙት ሲሆን፣ ሰፈሩ የሚያውቀው «አዋራ ሁን» በሚል ስም ነው። የሰፈሩ ልጆች ትርጉሙን ከአማርኛው ስለሚወስዱት፣ ዘፋኙ ጠላቱን «አቧራ ሆነህ ቅር» እያለ የሚረግም ይመስላቸው ነበር። የቆየ የፊልም ዘፈንን ታሪክ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዚሁ ዘፈን ላይ የሄድኩበትን መንገድ እየተከተልኩ ነው።

ምርመራው ዘፈኑን ከሚያስታውሰው ሰው አፍ በመቀበል ይጀምራል። የእጅ ስልክዎን መቅጃ ከፍተው፣ አዛውንቱን አስፈቅደው፣ ዜማውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ያስጨርሷቸው። ከዚያም ፊልሙን የት እንዳዩት፣ ከማን ጋር እንደሄዱ፣ ከታሪኩ የትኛው ክፍል በልባቸው እንደቀረ ይጠይቁ። «የህንዳዊው ተዋናይ የራጅ ካፑር ዘፈን አይደለም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ግን መልሱን አጉርሶ እንደመጠየቅ ስለሆነ ይጠንቀቁ፤ ሽማግሌ ለእንግዳ አክብሮት ሲል «አዎ» ይላል፣ የተሳሳተው «አዎም» በማስታወሻዎ ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። የሰሙትን ቃል ስሕተት ቢመስልዎትም እንኳ ሳያርሙ በፊደላችን እንደተነገረው ይጻፉት።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሙን በራሱ ቋንቋ መፍታት ነው፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀውም፣ ብዙ የሚክሰውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። «አዋራ» ከፋርስኛ ወደ ሂንዲና ኡርዱ የገባ ቃል ሲሆን፣ ቤት የሌለውንና መድረሻ ያጣውን ተቅበዝባዥ ሰው ያመለክታል። «ሁን» ደግሞ የአማርኛው ትእዛዝ ሳይሆን «ነኝ» ማለት ነው። ስለዚህ የልጆቹ እርግማን የዘፋኙ ኑዛዜ ሆኖ ይገኛል፤ ዘፋኙ ሌላውን ሰው አይረግምም፣ ስለ ራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ ግን በአንድ የአማርኛ ቃል ረክተው እንዳይቆሙ እመክራለሁ፤ «ቦዘኔ» ብለን ብንተረጉመው በንቀት የሚመለከተውን ሰው ቃል እንወስዳለን፣ «ከርታታ» ብንለው ደግሞ የሚንከራተተውን ሰው ሐዘን እንሰማለን። ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማ የሚታወቀው ፊልሙን በማየት ነው። በፊልሙ ውስጥ ራግሁናት የተባለ ዳኛ የሌባ ልጅ ሌባ፣ የጨዋ ልጅ ጨዋ ይሆናል ብሎ ያምናል፤ ሚስቱን በጥርጣሬ ከቤት ካባረራት በኋላ የተወለደው የገዛ ልጁ ራጅ ግን በድሆች ሰፈር አድጎ ሌባ ይሆናል። ራጅ በዘፈኑ ቤት እንደሌለው፣ የሚወደውም ሰው እንደሌለ ይናገርና፣ ራሱን በዕጣ ፈንታ ዙሪት ከተያዘ የሰማይ ኮከብ ጋር ያመሳስላል። ዓለም «ቦዘኔ» ሊለው የሚችለው ሰው ቃሉን ራሱ አንሥቶ «ከርታታ ነኝ» ብሎ ስለሚዘፍነው፣ እኔ በማስታወሻዬ ላይ «ከርታታ ነኝ» የሚለውን መርጫለሁ።

የስሙን አሰያየምም መለየት ያስፈልጋል። የህንድ ፊልም ዘፈኖች በአብዛኛው የተለየ ርእስ ስለማይሰጣቸው የሚታወቁት በመክፈቻ ቃላቸው ነው፤ እኛም ብዙ ዘፈኖችን በአዝማቻቸው እንደምንጠራ ሁሉ። ስለዚህ የፊልሙ ስም «አዋራ»፣ የዘፈኑ ደግሞ «አዋራ ሁን» ስለሆነ፣ ሁለቱን በማስታወሻዎ ላይ ለየብቻ ይመዝግቧቸው።

ከዚህ በኋላ «ዘፈኑ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ በዚህ ላይ እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ፣ ራጅ ካፑርን ዘፋኝ አድርጌ መዝግቤው ነበር። በህንድ ፊልም ልማድ ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀረጻል፣ ተዋናዩም በካሜራ ፊት ከንፈሩን ከድምፁ ጋር ያስማማል። ስለዚህ አራት ሰዎችን ይፈልጉ፤ ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን የደረሰውን፣ የዘፈነውንና በፊልሙ ላይ የታየውን። በ«አዋራ ሁን» ገጣሚው ሻይሌንድራ ነው፤ ቀደም ሲል በቦምቤይ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ዜማው የሻንካርና የጃይኪሻን፣ ድምፁ የሙኬሽ፣ በመስኮቱ ላይ የምናየው ፊት የራጅ ካፑር ሲሆን፣ ፊልሙን ያዘጋጀውም ራጅ ካፑር ራሱ ነው። እነዚህን ስሞች ለማረጋገጥ የፊልሙን መግቢያ ጽሑፍ እያቆሙ ማንበብ፣ ሸክላው ከተገኘም በመሐሉ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ማየት ይገባል።

ሆኖም የሸክላውም ወረቀት ሊያሳስት ይችላል። በ1949 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ማሃል» ለተባለው ፊልም ላታ ማንጌሽካር የዘፈነችው «አዬጋ አኔዋላ» በሸክላ ሲታተም፣ በዘፋኝነት የተጻፈው የላታ ስም ሳይሆን በፊልሙ ውስጥ ተዋናይት ማዱባላ የምትጫወታት የካሚኒ ስም ነበር። ዘፈኑን በራዲዮ የሰሙ አድማጮች የዘፋኟን ማንነት ደጋግመው ከጠየቁ በኋላ ነው የላታ ስም የተነገረው። የዘፈኑ ስም ትርጉም «የሚመጣው ይመጣል» የሚል ሲሆን፣ የዜማው ደራሲ ኬምቻንድ ፕራካሽ ግን ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ በዚያው ዓመት ዐርፎ ዝናውን አላየም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ስምን በትክክል መመዝገብ ለሠራተኛው የሚከፈል ዕዳ እንደሆነ ይሰማኛል።

ዓመተ ምሕረትን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። የውጭውን ዓመት ወደ እኛ ሲመልሱ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀንሱ። «አዋራ» ለሕዝብ የቀረበው በዲሴምበር 1951 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በእኛ ታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ይሆናል። አዛውንቱ ፊልሙን ያዩበት ዓመት ግን ከዚህ ብዙ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የፊልሙን መውጫ ዓመት የአዛውንቱ ትዝታ ዓመት አድርገው አይጻፉ። ጊዜ ያለው ሰው ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ የቆዩ ጋዜጦችን ቢያገላብጥ የሲኒማ ማስታወቂያ ሊያገኝ ይችላል።

በመጨረሻ ስሙ በሌሎች አገሮች የደረሰበትን ይከታተሉ። በሶቪየት ኅብረት ፊልሙ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲታይ የተሰጠው የሩስያኛ ስም ትርጉሙ ያው «ተንከራታች» ነበር፤ ቱርኮች በ1964 እ.ኤ.አ. በራሳቸው ተዋናዮች ደግመው ሲሠሩት ቃሉ በቋንቋቸውም ስለነበረ «አቫሬ» ብለው አስቀሩት፤ ቻይናውያን ደግሞ ዘፈኑን «የራጅ ዘፈን» እያሉ በባለታሪኩ ስም ጠሩት። ስለዚህ የቡራዩው አጠራርም በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ ይገባዋል፤ እኔ «በሰፈራችን ‹አዋራ ሁን› ይባላል፣ ልጆችም ‹አቧራ ሁን› ብለው ይረዱታል» ብዬ ከሌሎቹ ቀጥሎ አስፍሬዋለሁ።

ሥራውን ሲጨርሱ የጻፉትን ይዘው ወደ ነገረዎት ሰው ይመለሱና ያንብቡላቸው፤ ትርጉም የታወቀለት ዜማ ያልተጠየቀ ትዝታ ያስነሣልና። ጎረቤቴ «ከርታታ ነኝ» ማለት መሆኑን ስነግራቸው፣ ቀድሞ አንድም ቀን ያላነሡትን የፍርድ ቤቱን ክፍል፣ ተዋናይት ናርጊስ ለራጅ ጠበቃ ሆና የቆመችበትን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩልኝ፤ እኔም መቅጃዬን እንደገና ከፈትኩ።