እየተፋቀ የሚሣል ደብተር ለእንቁጣጣሽ

ደብረ ማርቆስ ላሉት የእህቴ ልጆች ለእንቁጣጣሽ የምሰጠው በእጄ የሠራሁትን የሥዕል ደብተር ነው። ገጹ ጥቁር ነው፤ ሲፋቅ ከሥሩ ቀለም ብቅ ይላል። ልጆች ይህን ሲያዩ የሚሆኑትን ማየት እወዳለሁ!

ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ግዙ። ስሱ ይቀደዳል። ገጹን በሰም ከለር ሙሉውን ቀቡት፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብቻ ደማቅ ይሁን። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ነጭ ክፍተት ከቀረ ጥቁሩ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና አልፋቅ ይላል። ስለዚህ እኔ ከላይ ሻማ እፈትግበታለሁ።

ከዚያ ጥቁር የውሃ ቀለም ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉ። ያለ ሳሙናው ቀለሙ ሰሙ ላይ አይዝም። አንዴ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ድገሙት። በነሐሴ የጎጃም ፀሐይ አይታመንም፤ ማታ ቀብቶ ማሳደር ይሻላል።

ሲደርቅ ገጾቹን በመርፌና በክር ስፉ። መፋቂያው ስቴኪኒ ነው፤ ለትንንሾቹ ጫፉን አደንዝዙት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጣና ታንኳ ጀምሬ እተወዋለሁ፤ የቀረውን ግን አልነካም። ጥቁር የሞላው ገጽ የልጁ ነው።

ሲፍቁ ከሥር ጋዜጣ አንጥፉ። ፍቅፋቂው ምንጣፍ ያበላሻል።