ታጅ ማሃልን ከአስጎብኚ ጋር ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በቡድን መጓዝ ጥሩ ጎን አለው። ትኬቱ፣ መኪናው፣ ሆቴሉ ሁሉ የሌላ ሰው ጣጣ ነው። ችግሩ ሰዓታችሁም በሌላ ሰው እጅ መግባቱ ነው። ህንድ ድረስ ሄዶ፣ አግራ ገብቶ፣ ታጅ ማሃልን በጥድፊያ አይቶ መመለስ በጣም ያሳዝናል፤ ብዙው ደግሞ አስቀድሞ በመጠየቅ ብቻ የሚቀር ነው።

አርብን መርሳት

ታጅ ማሃል አርብ አርብ ለጎብኚ ዝግ ነው። ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ፣ አርብ የጁምዓ ሶላት ነው። ፕሮግራማችሁ ላይ «3ኛ ቀን፦ አግራ» ተብሎ ከተጻፈ 3ኛው ቀን ምን ዕለት እንደሚውል ራሳችሁ ቁጠሩ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ከኒው ዴልሂ ደርሶ መልስ መሄድ

መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመኪና ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት ተነስታችሁ የምትደርሱት ሙቀቱና ሰዉ ሲበረታ ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ አግራ የሚያድር ፕሮግራም ምረጡ። በታኅሣሥና በጥር ብቻ ተጠንቀቁ፣ የጠዋቱ ጭጋግ ሕንፃውን ጭራሽ ሊሸፍነው ስለሚችል አስጎብኚው ሰዓቱን ትንሽ እንዲገፋው ጠይቁ።

የተከለከለ ነገር ይዞ መምጣት

ምግብ፣ ሲጋራ፣ ላይተር፣ ቢላ፣ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትልቅ ቦርሳ አይገባም። አንድ ሰው ፍተሻው ላይ ከተመለሰ ቡድኑ በሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። ውሃ፣ ስልክና ትንሽ ቦርሳ ይበቃችኋል።

ሰዓቱን በፎቶ መጨረስ

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ለውጭ አገር ዜጋ መግቢያው 1,100 ሩፒ ነው፤ ወደ መቃብሩ ሕንፃ ለመውጣት 200 ሩፒ ይጨመራል። ትኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ከዚያ ላይ ትልቁን ድርሻ የውሃ ገንዳው ጋ ተራ ሲጠብቅ ያጠፋዋል፣ ውስጥ ፎቶ ክልክል መሆኑን ሲሰማ ደግሞ መቃብሩን ዞር ብሎ ሳያይ ይወጣል።

ገንዳው ጋ ሁለት ሦስት ፎቶ አንሱና ወደ ሕንፃው ቅረቡ። ነጩ እብነ በረድ ላይ ያሉት አበቦች በቀለም የተሣሉ አይደሉም። እብነ በረዱ ተፈልፍሎ የከበሩ ድንጋዮች ተገጥመውበት ነው፤ አንዷ አበባ ብቻ ከብዙ ስስ ቁርጥራጮች የተሠራች ናት። በሩን የከበቡትን የቁርኣን ጽሑፎችም ከታች ወደ ላይ ተከተሏቸው። ፊደላቱ ከፍ ባሉ ቁጥር ይተልቃሉ፣ ይህ የተደረገው ከመሬት ለሚያያቸው ሰው እኩል እንዲመስሉ ነው።

ውስጥ የሚታዩት ሁለት መቃብሮች ባዶ ናቸው። ታጁን ያሠራው ንጉሥ ሻህ ጃሃንና መታሰቢያ ያደረገላት ሚስቱ ሙምታዝ ማሃል ያረፉት ከሥር ባለው ክፍል ነው። የእሷ ልክ መሃል ላይ ነው፣ የእሱ ግን ጎን ላይ ነው። በዚያ ሁሉ የተመጣጠነ ሕንፃ ውስጥ ሚዛኑን የሚሰብረው እሱ ነው። እሷ የሞተችው በ1631 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሱ በ1666 ሲሞት አጠገቧ ተቀበረ። ይህን ሳያውቁ ገብቶ መውጣት ያስቆጫል። ውስጡ ደግሞ ድምፅ ስለሚያስተጋባ ማብራሪያ አይሰማም፤ አስጎብኚው ሁሉን ነገር ውጭ ጨርሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

የተባለውን ሁሉ ማመን

ሁለት ታሪኮች መስማታችሁ አይቀርም። አንደኛው ሻህ ጃሃን የሠራተኞቹን እጅ አስቆረጠ የሚለው ነው፤ ማስረጃ የለውም። ሁለተኛው ከያሙና ወንዝ ማዶ ጥቁር ታጅ ማሃል ጀምሮ ነበር የሚለው ነው። ማዶ ያለው ሜህታብ ባግ የሚባለው የአትክልት ቦታ ሲቆፈር የተገኘው ትልቅ የውሃ ገንዳ ነው እንጂ የጥቁር ሕንፃ መሠረት አይደለም። አስጎብኚውን ሰው ፊት አትሞግቱት፣ ግን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለሌላ አታውሩ።

ምሽጉን መዝለል

የአግራ ምሽግ ቅርብ ነው፣ ግን ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። እንዳታሰርዙት! ሻህ ጃሃንን ልጁ አውራንግዜብ በ1658 አስሮ ያስቀመጠው እዚያ ነው፤ እስኪሞት ድረስ ታጁን የሚያየው ከዚያ ሆኖ ነበር። ከታጁ ቀጥሎ ብታዩት ታሪኩ ይገጣጠምላችኋል።

ስለ ሱቁ አለመጠየቅ

ብዙ ቡድኖች «የእጅ ሥራ እናሳያችሁ» ተብለው እብነ በረድ ሱቅ ይወሰዳሉ፣ ሻይ ይጋበዛሉ፣ ምሽጉን የምታዩበት ሰዓት እዚያ ያልቃል። አስጎብኚው ከሽያጩ ኮሚሽን የሚያገኝበት ጊዜም ብዙ ነው። ስትመዘገቡ «ስንት ሱቅ እንገባለን? ለስንት ደቂቃ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። መግዛት ከፈለጋችሁም ረጋ በሉ፤ እብነ በረድ ነው ተብሎ በቀላሉ የሚጫር ለስላሳ ድንጋይ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ጥፍራችሁ ምልክት ካወጣበት ተዉት።